ከወረቀት ቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ስልክ

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ቁጥር ዐርባ አንድን ለባዕድ አሳልፈሽ ሰጠሽብኝ።

ሰላምታ ያላስቀደምሁት ረስቼ አይደለም። በደልን በሰላምታ ሸፍኜ መጻፍ ስለማልወድ ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ ደኅና ነሽ ወይ? ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ይህ አለቀ፤ ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ የየክፍሉን ኃላፊዎች ሰበሰበ። እኔንም አስጠራኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለስብሰባ ስጠራ ሦስተኛዬ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ገንዘብ ያዥዋ «ገመድ አልባ» እያለች የምትጠራው ሰው፣ ወረቀት ይዞ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ከእንግዲህ በእኔ የስልክ ማዞሪያ በኩል መሄዱ ይቀራል አለ። ክላውድ በሚሉት በኩል ይሄዳል፤ ይኸውም በኢንተርኔት አድርጎ፣ ሌላ አገር በተቀመጠ የሰው መሣሪያ ላይ ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። ለዚህ ሲባል አንድ የውጭ ድርጅት የትኞቹ ስልኮቻችን ለአዲሱ አሠራር እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ እንደማይስማሙ መርምሮ ጽፎ ልኳል። ከስድሳ አራቱ ሃያ ሁለቱ አይስማሙም። የማይስማሙት ከሢሶ በላይ ከሆኑ ሁሉም ተነሥተው በአዲስ ይተካሉ፤ አዲሶቹን የሚጠብቀው የድርጅቱ ሰው ነው፤ የማዞሪያው ክፍል ይዘጋል፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ይህን ሲያነብ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

የስድሳ አራት ሢሶ ሃያ አንድ ከምናምን ነው። ሃያ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ስልኮቹም እኔም እንቆይ ነበር። ከሃያ አንድ ወደ ሃያ ሁለት ያሻገረችው እጅ የማን ናት?

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ መነጽሬን አደረግሁ። ዝርዝሩ የእኔ ነው። ሌላ ሰው ስልክ ቁጠር ቢባል ከታች፣ ከበሩ ይጀምራል። እኔ የምቆጥረው ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከማዞሪያው ክፍል ተነሥቼ፣ በደረጃው ሥር አልፌ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ከዚያ ወደ ታች። ወረቀቱም የሚቆጥረው እንዲሁ ነበር። ያን ዝርዝር የጻፍሁት አንድ ጊዜ ነው፤ የላክሁትም ላንቺ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ «ለሥራዬ ይጠቅመኛል፤ የስልኮቹን ሞዴልና ከሥራቸው የተለጠፈውን ቁጥር ይጻፉልኝ» ብለሽ ለመንሽኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ እየገለበጥሁ በአጉሊ መነጽር አነበብሁልሽ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለ ስልኮቼ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው አንቺ ስለሆንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ጻፍሁት።

እሱስ ባልከፋ። ቁጥር ዐርባ አንድም ወረቀቱ ላይ አለ። «ከወረቀት ቁም ሣጥኑ ጀርባ» ይላል፣ ልክ እኔ እንደጻፍሁት። ያን ስልክ እዚያ፣ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ፣ ያስቀመጥሁት ለምን እንደሆነ ከእኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እናትሽ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት የምትደውልልኝ በእሱ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጆሮ የሌለበት ቦታ እዚያ ብቻ ስለሆነ። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። መስመሩን አልቆረጥሁትም።

ገመድ አልባ፣ «ይህ ዐርባ አንድ የማን ነው? ከቁም ሣጥን ጀርባ ገብቶ ስልክ የሚያነሣው ማን ነው?» አለ።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ፣ «አይጦቹ ቢሮ ከፍተው ይሆናላ» አለ። ሳቁ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «የመሞከሪያ ስልክ ነው» አልሁ።

በዚያ ቤት የተናገርሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ያዋሸሽኝ አንቺ ነሽ።

ሁለት ነገር መልሺልኝ። ዝርዝሬን ለማን ሰጠሽ? ይህ ድርጅትስ ስልክ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?

አጎትሽ

መልሱን በስልክ አትንገሪኝ። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ «አላልሁም» ይባልበታል። ጻፊ።


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ በጣም ለማከብርዎትና ለምወድዎት ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ናፍቆት ያለበት ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃውን አሁንም በእግርዎ ነው የሚወጡት? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ከቢሮዬ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ያለችውን መንገድ በሩጫ ነው የምጨርሳት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ዝርዝሩን የሰጠሁት ለመሥሪያ ቤቴ ነው። ስልኮቻችሁን የመረመረው ድርጅት እኔ የምሠራበት ነው። ፋይሉ መጋቢት ላይ እኔ እጅ ገባ። ደንበኛው ለራሱ ሠራተኞች ሳይነግር እኛ እንዳንናገር የፈረምንበት ወረቀት ስላለ ዝም አልኩ። ገመድ አልባ የሚሉት ሰውዬ የላከልን ደግሞ ዝርዝር ሊባል አይችልም፤ ወንበር ቆጥሮ «ስልክ» ያለ ነው የሚመስለው። ሰባ አንድ ይላል። በእሱ ብንሠራ ኖሮ ያለ ምንም ምርመራ ሁሉም ይጣል ነበር። ከጋሼ የተሻለ ማን ያውቃል ብዬ እርስዎን ጠየቅኩ። ዐርባ አንድን ሳላወጣ ማስተላለፌ ግን ጥፋቴ ነው። ከስድሳ አራት መስመር ውስጥ እንደ አንዱ አይቼው አለፍኩ። እናቴን እያወቅኩ አለፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ሃያ ሁለቱ ልንገርዎት። ስልኮቹ ሞዴላቸውም መልካቸውም አንድ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ የሠራቸውና በኋላ የሠራቸው ግን ውስጣቸው ይለያያል። ከሥር የተለጠፈችው ወረቀት ላይ «ሥሪት 1» ወይም «ሥሪት 2» የምትለው ለዚያ ነው። ሥሪት 1 ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ አዲሱን ሶፍትዌር አይችለውም፤ ሥሪት 2 ይችለዋል። እርስዎ በሃያ ሁለቱ ፊት «ሥሪት 1» ብለው ጽፈዋል። እኔ የጻፉትን ነው ያነበብኩት፤ አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሥሪቱን ስልኩ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይናገራል። ማስተካከያ ውስጥ ገብተው «ስለ ስልኩ» የሚለውን ሲጫኑ ይጽፍልዎታል። በሁለቱ በሦስቱ ላይ እንኳ ቢያዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 21 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ደኅንነትሽን በመስማቴ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ደረጃውን በእግሬ ነው የምወጣው፤ በምን ልወጣው ኖሯል?

ሁለት ጥያቄ ጠይቄሽ ለአንዱ መለስሽ። ድርጅቱ ስልክ ይሸጣል ወይ ላልሁሽ አንድ ቃል የለም። ብርዱን ጽፈሻል፤ አውቶቡሱን ጽፈሻል፤ ይህን ዘለልሽ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቤ ያለፍሽውን ቦታ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ።

ስክሪኑን ይጫኑ ትይኛለሽ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። የፋብሪካውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ገጹን በሳምንት፣ እኔው ለእኔው አስተማርሁት። መጽሐፉ የሚለው ከሥሩ የተለጠፈውን አንብብ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን አላምንም፤ ስልክ ስለ ራሱ የሚናገረውንም አላምንም። ፋብሪካው ለጥፎ ያወጣውን አምናለሁ።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ገመድ አልባ ባለፈው ሳምንት «ይስማማሉ» ከተባሉት ሦስቱን ወስዶ ሞከረ። ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛው፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ስልክ፣ የዚያ የአይጥ ቀልደኛ፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ሲያዞር ቆይቶ ጨለመ። ሰውዬው ሁለት ቀን ያለ ስልክ ተቀመጠ። አልተደሰትሁም አልልም።

ገንዘብ ያዥዋ የማዞሪያው ክፍል በር ላይ ቆማ፣ «ጋሽ ማዞሪያ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ነካ አድርገውበት ነው አይደል?» አለችኝ።

«እኔ የሰው ስልክ አልነካም።»

«ቢነኩትም አልከፋኝ። ሰውዬው በየክፍሉ እየዞረ ‹እባካችሁ አንድ ጊዜ ልደውል› ሲል ቢያዩት፣ ትሕትና ገና ዛሬ የተማረ ነው የሚመስለው።»

እሷ ትቀልዳለች። ገመድ አልባ አይቀልድም። ትናንት የማዞሪያውን ክፍል ቁልፍ «ለጥንቃቄ» ብሎ አስቀርጾ አንዱን ራሱ ዘንድ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴዬን በኮት ኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። ጠዋት ስገባ ወንበሬ የነበረበት ቦታ መሆኑን አያለሁ። ወረቀት ክፍሉ የሚገባውን ሰው ሁሉ በጆሮዬ እከታተላለሁ። ከዐርባ አንድ ላይ አቧራውን መጥረግ ትቻለሁ፤ ማንም ቢነካው ጣቱን አገኘዋለሁ።

«ይስማማል» ያላችሁት አልተስማማም። ስለዚህ ወረቀታችሁ ሐሰት ነው። ወይ መሥሪያ ቤትሽ ይዋሻል፣ ወይ አንቺ ትዋሺያለሽ። ስልኮቹ ሁሉ ይተኩ የሚለው ውሳኔ የሚፈረመው ጥር 1 ቀን ነው። እስከዚያ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አዎ፣ ድርጅቱ ስልክ ይሸጣል። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ያልመለስኩት አፍሬ ነው። ከሽያጩ ለእኔ የሚደርሰኝ ነገር የለም፤ ባያምኑኝም እውነቱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ስልክ እንቢ ማለቱ እዚህ ደርሷል። አለቃዬ ዝርዝሩን እያገላበጠ፣ «ይህን የጻፈው ሰውዬ ቦታውን ላለማጣት ቁጥሩን አዛብቷል» አለ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። «አጎቴ ነው፤ አያዛባም» አልኩት። ፋይሉን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናንተን ጉዳይ የያዘው ሌላ ሰው ነው። ከእንግዲህ ስለ እርስዎ አንድ ቃል የሚናገር ሰው እዚህ የለም።

እንደማያዛቡ ስለማውቅ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ከአራት ዓመት በፊት የጻፉልኝን አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮም አዲስ ስልክ አንገዛም አሉ። ከሦስት ሙት ሁለት ሕያው አወጣሁ። የአንዱን ሆድ በሌላው ልብስ ከተትሁ፤ እንደ አዲስ ይናገራሉ።»

ጋሼ፣ ሆዱን አውጥተው ሌላ ልብስ ውስጥ ሲከቱት፣ ከሥር የተለጠፈችው ወረቀት የቀረችው የት ነው?

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከጥር 1 በፊት ከስክሪኑ የተነበበና የተፈረመ ዝርዝር በሥራ አስኪያጁ በኩል ከደረሳቸው መቀበል ግዴታቸው ነው። በምርመራው ውል ላይ ተጽፏል። ገመድ አልባም አለቃዬም ይህን እንደማይነግሩዎት እርግጠኛ ነኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታውን ያስቀደምሁት አስቤበት ነው።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። አነበብሁትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ማክሰኞ አልከፈትሁትም። ረቡዕ ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ የራሴን ስልክ፣ ቁጥር ዐሥራ ሁለትን፣ ገለበጥሁት። ወረቀቷ «ሥሪት 1» ትላለች። ስክሪኑን እንዳልሽው ተጫንሁ። «ሥሪት 2» አለ። ዋሸ ብዬ አራቱን ብሎን ፈታሁ። ቦርዱ ላይ የታተመው 2 ነው። የልብሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ ቀኑና «ሆዱ የሠላሳ» የሚል አለ። ቁጥር ሠላሳ ከጠረጴዛ ወድቆ ልብሱ የደቀቀ ጊዜ ነው። የድሮዎቹ ልብስ ጠንካራ ስለሆነ የአዲሶቹን ሆድ በድሮው ልብስ እከት ነበር፤ ወረቀቷ ግን ከልብሱ ጋር ትቀራለች። ማዞሪያዬ ሁለቱንም ሳይለይ ያነጋግር ስለነበር ነገሩ ሁሉ ደኅና ይመስል ነበር።

የጠገንሁትን ሁሉ ጽፌአለሁ። የጻፍሁት ግን ከውስጥ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ። እኔም ሳላነበው ቀረሁ።

ስድሳ አራቱንም አየሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ገንዘብ ያዥዋ ስልኳን ከጆሮዋ ላይ ስወስድባት፣

«ጋሽ ማዞሪያ፣ ስልኬ ምን አለዎት?» አለች።

«ስለ ራሱ ነገረኝ።»

«አመኑታ?»

«ፈትቼ አየሁት።»

«ኧረ ባሌንም ፈትተው ቢያዩልኝ» አለች። ሥራዬን ቀጠልሁ።

ከሃያ ሁለቱ ዐሥራ አምስቱ ደኅና ናቸው። «ይስማማሉ» ካልናቸው ዐርባ ሁለት ውስጥ አራቱ አይስማሙም፤ አንዱ የአይጥ ቀልደኛው ነው። በጠቅላላው የማይስማሙት ዐሥራ አንድ ናቸው። ሢሶ አይሞሉም።

ዐርባ አንድን መጨረሻ ላይ ነው ያየሁት። አቧራው ላይ ጣት የለም። ወረቀቷ «ሥሪት 2» ትላለች፤ ስክሪኑ 1 አለ። እናትሽ መደወል ስትጀምር ከተረፈው ዕቃ የገጠምሁት ነው፤ ሆዱ አሮጌ፣ ልብሱ ንጹሕ። ንጹሑን ልብስ የመረጥሁት ለእሷ ብዬ ነበር። 2 ብዬ ብጽፈው ማንም ፈትቶ አያየውም። ከዝርዝሩ ባወጣውም ማንም አይጠይቅም። 1 ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ መስመሩን ነቀልሁና ሽቦውን ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥሁት።

ዓርብ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ገመድ አልባም እዚያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አየ።

«ይህኛው ከፊተኛው ጋር ለምን አይገናኝም?»

«ፊተኛውን ከወረቀቶቹ ላይ ነው የጻፍሁት። ወረቀቶቹን ከየባለቤታቸው የለያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስህተቱ የማን ነው ልበል?»

«ከታች ተጽፏል፤ ተፈርሞበታልም።»

አነበበ። «ይህን ባይጽፉትም እኮ ዝርዝሩ ያልፍ ነበር» አለኝ።

«ያለ እሱ አልፈርምም።»

ገመድ አልባ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ቁጥር ዐርባ አንድ ላይ አሳረፈ። «የመሞከሪያውም አይስማማም?» አለ።

«የመሞከሪያ አልነበረም» አልሁ። የማን እንደነበረ አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀም። ያ ውሸት ከእኔ ላይ ወርዷል።

ዝርዝሩ ትናንት ሄዷል። ሥራ አስኪያጁ ዐሥራ አንዱ ብቻ እንዲተኩ፣ ማዞሪያው እንዲነሣ፣ ክፍሉና እኔ ግን ስልኮቹን ለመጠበቅ እንድንቆይ ጽፏል። ድርጅትሽ መቀበሉን በጽሑፍ እስካይ ድረስ አላምንም። የተቀረጸውን ቁልፍም ገና አልመለሰልኝም፤ ያን እየጠበቅሁ ነው።

አሁን የፊተኞቹን ደብዳቤዎቼን ከሣጥንሽ አውጪ። በመጀመሪያው ላይ «ከሃያ አንድ ወደ ሃያ ሁለት ያሻገረችው እጅ የማን ናት» ብዬሽ ነበር። እጅዋ የእኔ ናት። ዐረፍተ ነገሩን በማስመሪያ ሰርዢው። በሁለተኛው፣ «ወይ መሥሪያ ቤትሽ ይዋሻል» ከሚለው ጀምሮ አንቺ ትዋሺያለሽ እስከሚለው ድረስ ሰርዢ። አለቃሽ ፊት ስለ እኔ የተናገርሽውን ሰምቻለሁ፤ ከሌሎቹ ጽሑፎችሽ ጋር አላስቀመጥሁትም፤ ለብቻው ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ግን እንዳትነኪ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝም ብለሻል፤ የእናትሽን ስልክም ለሰው ሳቅ ሰጥተሻል። እሱ እንደተጻፈ ይቆያል።

ቁጥር ዐሥራ ሁለት ለአዲሱም ይስማማል። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከእሱ አጠገብ ነኝ። ስለ ብርዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ጉልበቴም ቢሆን መናገር ይቻላል። ስለ ዐርባ አንድ አንድ ቃል ከተነሣ ቀፎውን አስቀምጣለሁ፤ በደብዳቤ ከመጣም ፖስታውን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። በዚህ ነገር የምናገረውን ሁሉ ተናግሬአለሁ። ከዛሬ በኋላ አልናገርበትም።

አጎትሽ